ተገፍታ የምትነሳው ቮልስ

(ጉለሌ፣ ከቁስቋም ማርያም በታች፣ ደልደል ያለ የሰፈር መንገድ። ጠዋት። ጡረታ የወጣው ሾፌር ስብሐት የአንዲት አሮጌ ቮልስ ጀርባ ላይ እጁን ጭኖ ቆሟል። የቮልሷ ባለቤት፣ ጎረቤቱ መሳይ፣ መሪውን ይዞ በመስኮት አንገቱን አውጥቷል።)

ስብሐት፦ ሽጣት አልኩህ!

መሳይ፦ ላስጠግናት እያሰብኩ ነው እኮ ጋሽ ስብሐት።

ስብሐት፦ ሁለት ዓመት ሙሉ አስበሃል። ይቺን ማኪና ግን የሚያስነሳት ያንተ ሐሳብ ሳይሆን የእኔ ትከሻ ነው።

መሳይ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ስብሐት፦ ምስጋና ማን ጠየቀህ? አሽረፍ ምን አለህ?

መሳይ፦ የአዲሱ ገበያው ባለሱቅ? “እስከ ስድስት ሰዓት እሺ ወይ እምቢ በለኝ፤ ካልሆነ ሌላ እገዛለሁ” አለ።

ስብሐት፦ ታዲያ ምን ይጎልትሃል? ደውልለታ!

መሳይ፦ እ... ማለቴ፣ እሷ ከሄደች ጠዋት ጠዋት ምን እናደርጋለን?

ስብሐት፦ እናደርጋለን? እኔ እተኛለኋ!

መሳይ፦ እሱን ነው የፈራሁት።

ስብሐት፦ ምኑን?

መሳይ፦ ምንም። ትናፍቀኛለች ማለቴ ነው።

ስብሐት፦ ለመሆኑ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?

መሳይ፦ ቆጣሪው አሥራ ሁለት ሺህ ይላል።

ስብሐት፦ ስንተኛ ዙሩ ነው?

መሳይ፦ አባቴ እስከ አራተኛው ቆጥረው አረፉ።

ስብሐት፦ ነፍሳቸውን ይማር። ስማ፣ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ፤ የማኪና በሽታ በሩቅ ቆሜ አውቃለሁ። የዚህች ሞተሪኖዋ ሞቷል። ቁልፍ ብታዞር የሚያስነሳት የለም። ሞተሪኖ ሲሞት ደግሞ ባትሪውን ይዞ ይሞታል፤ ባትሪው መብራቱን ይዞ...

መሳይ፦ መብራቷ ይሠራል እኮ።

ስብሐት፦ እያጣጣረ ነው። አንተ አይታይህም።

መሳይ፦ እሺ።

ስብሐት፦ ሰው ትገድላለች ይቺ!

መሳይ፦ ማንን?

ስብሐት፦ እኔን! ሱሪዬ ወልቆ ሊወድቅ ምን ቀረው? ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገብቷል። ባለፈው ጤና ጣቢያ ስታይ ስኳሬ ራሱ ወርዷል።

መሳይ፦ (ፊቱ በርቶ) ወረደ? እሰይ!

ስብሐት፦ እሰይ ትላለህ? ይቺ ማኪና እያሳሰበችኝ ነው የወረደው!

መሳይ፦ ሐኪሙስ ምን አሉ?

ስብሐት፦ “የምታደርገውን ቀጥልበት” አለኝ። ምን እንደማደርግ እንኳ ሳይጠይቅ! የዛሬ ሐኪም!

መሳይ፦ በቃ፣ አልሸጣትም።

ስብሐት፦ ምን አገናኘው?

መሳይ፦ ሐኪም ቀጥል ካለ ብዬ ነው።

ስብሐት፦ ልጄ፣ ብልህ ከሰው ስህተት ይማራል፤ ሞኝ ግን በራሱ ካልደረሰ አይገባውም። ና ውረድ!

መሳይ፦ ለምን?

ስብሐት፦ ሞተሪኖዋ መሞቱን በገዛ ጆሮህ ትሰማለህ። ከዚያ ለአሽረፍ ትደውላለህ።

መሳይ፦ ጋሽ ስብሐት፣ ባይነኳት ይሻላል...

ስብሐት፦ ውረድ አልኩ!

(መሳይ ይወርዳል፤ ስብሐት ይገባል። ቁልፉን ያዞራል። ቮልሷ ባንድ ጊዜ ትነሳለች። ሁለቱም ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ ያዳምጣሉ።)

ስብሐት፦ ተነሳች።

መሳይ፦ አዎ።

ስብሐት፦ መቼ አስጠገንካት?

መሳይ፦ ተበላሽታ አታውቅም።

ስብሐት፦ ታዲያ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ስታዞር እምቢ የምትለው?

መሳይ፦ አዙሬው አላውቅም። ቁጭ ብዬ “እምቢ አለች” እላለሁ፤ እርስዎ ከኋላ ሆነው “ሞተሪኖው ነው!” ይላሉ። ሲገፉልኝ ቀስ ብዬ በቁልፍ አስነሳታለሁ።

ስብሐት፦ (ድምፁ ከፍ ብሎ) ሁለት ዓመት! ለምን?

መሳይ፦ እትዬ የዓለምወርቅ ለምነውኝ ነው። ሐኪሙ ለስኳርዎ በየቀኑ እንቅስቃሴ አድርግ ሲልዎት እምቢ ብለዋል አሉ። “በእግርህ ሂድ ብለው አይሄድም፤ ማኪና ተበላሸ ከተባለ ግን ካልጋው ዘሎ ይወርዳል” አሉኝ። “ባሌን ልጣው እንዴ?” ብለው ሲያለቅሱ ጊዜ፣ እኔ ምን ላድርግ?

(ከፊት ለፊት የስብሐት ቤት መጋረጃ ገለጥ ይላል። ስብሐት ሞተሩን አጥፍቶ ይወርድና ወደ መኪናዋ ጀርባ ይሄዳል።)

መሳይ፦ አሽረፍን ምን ልበለው?

ስብሐት፦ አትሸጥም በለው። ግባ።

መሳይ፦ ሊገፉ ነው?

ስብሐት፦ የዓለምወርቅ በመስኮት እያየች ነው። ማወቄን ካወቀች ደግሞ ሌላ ዘዴ ሳታስብ አታድርም። ግባ አልኩህ!

(መሳይ ይገባል። ስብሐት ይገፋል። ቮልሷ ወዲያው መንከባለል ትጀምራለች።)

ስብሐት፦ (እየተከተለ) ዛሬ ምነው ቀለለችኝ?

መሳይ፦ ይቅርታ ጋሽ ስብሐት፤ እንደ ሁልጊዜው የእጅ ፍሬኑን መያዝ ረስቼ ነው።