በአባታችን ሆይ የተለካው አውቶቡስ

ሾፌር አንድ ነገር ሲያጠፋ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «በስንት ነበር የሚሄደው?» ብሎ ነው። እኔም በጋዜጠኝነት ሥራዬ ስንት ዓመት ይችኑ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ጥያቄዋ ግማሽ መሆኗን ያወቅሁት በደርግ ዘመን፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስጓዝ፣ ጠላ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ካራሰኝ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡሬ አጠገብ ባለች አንዲት ገበሬ ማኅበር፣ በማግስቱ የክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ድግስ ተደግሷል። እኔ የተላክሁት ያንን ልዘግብ ነው። ጠላ ጠማቂዋ ወይዘሮ ተዋበችም የሚሄዱት ለዚያው ነበር፤ የሳቸው ጓዝ ግን ከኔ ማስታወሻ ደብተር ይከብዳል። ለእንግዶቹ የጠመቁትን አንድ ጋን ጠላ ይዘው ተሳፍረዋል። ጋን ጣሪያ ላይ አይጫን ነገር! መተላለፊያው መካከል ማቶት ተነጠፈለትና ቁጭ አለ። ማቶት ከሣር የሚጎነጎን ክብ ነው፤ የጋን ቂጥ ድቡልቡል ስለሆነ ያለሱ አይቆምም። ይችን ድቡልቡልነት ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ሾፌሩ ሙላት ይባላል። በዚያ መንገድ ላይ ነው ጠጉሩ የሸበተው። ከጎኑ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ ቄስ ምሕረቴ ተቀምጠዋል። ቄስ ምሕረቴ መኪና ሲነሣ አባታችን ሆይ ይጀምራሉ። ዐሥር ጊዜ ቢቆም ዐሥር ጊዜ ይጀምራሉ።

ቡሬ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ኬላ ላይ ቆምን። ያን ጊዜ ኬላ የሌለው መንገድ የት ይገኝ ነበር? ፈታሹ የሰዉን ስልቻ ሁሉ ዳብሶ ወረደ። ገመዱ ዝቅ አለ። ሙላትም ነዳጁን ረገጠው። ጋኑ ወደ ኋላ ዘመም አለ፤ ትንሽ ያመነታም መሰለኝ። ከዚያ ተንዶ ተሰበረ።

«ወይኔ ተዋበች! ጉድ ሆንሁ!»

የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ከኬላው ፊት ለፊት ነው። ሊቀ መንበሩ ጩኸቱን ሰምተው ሲመጡ ጠላው በአውቶቡሱ በር እየወረደ ተቀበላቸው። የነገዎቹ እንግዶች ጠላ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። አሻጥር ነው አሉ። በዚያ ዘመን ይችን ቃል በቀልድ የሚናገራት ሰው አልነበረም። የሙላትን መንጃ ፈቃድ ተቀብለው ከካኪ ሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት። የማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ እዚያው፣ ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጠ። አሻጥሩ ከተረጋገጠ ሙላት ወደ አውራጃ ይላካል ተባለ። ወደ አውራጃ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ ደፍሮ የሚናገር አልነበረም።

ሙላት ላብ አጠመቀው። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሃያ እንኳ በወጉ አልገባሁም! አባ ምሕረቴ ቆጣሪውን ያዩታል፤ ይጠየቁልኝ» አለ።

«እውነቱን ነው፤ መርፌዋ ሃያ ላይ ነበረች» አሉ ቄሱ።

«ሃያ ሆነ ሁለት መቶ፣ እኔ ምን ቸገረኝ!» አሉ ወይዘሮ ተዋበች። «እንደ ፍየል ነው የዘለለ!»

ይኼኔ ሱሪያቸውን ሲጨምቁ የነበሩ አንድ ተሳፋሪ ቀና አሉ። መምህር አለነ ይባላሉ፤ ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ ያስተምራሉ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ አሉ። ስንት ገባ ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ከዜሮ ተነሥቶ ሃያ ለመግባት ስንት ጊዜ ፈጀ ነው ጥያቄው። ሃያ ቀስ ተብሎም ይገባል፤ በድንገትም ይገባል። ጋን የሚጥለው ድንገቱ ነው። የፍጥነቱን ለውጥ ለፈጀው ጊዜ ማካፈል ነው፤ በትምህርቱ ሽምጠጣ ይባላል አሉ። ሊቀ መንበሩ አብዮቱ ሳይንሳዊ ነው ሲባል በየስብሰባው ሰምተዋልና ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲሰላ ፈቀዱ።

ሃያ ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት በሴኮንድ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይሄ ተጻፈ። ጊዜውስ? ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ሁሉ ሰው ሰዓት ያሰርሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ምን ልበል? አላየሁም። ጠላ እየመጣበት እግሩን ትቶ ሰዓቱን የሚያይ ጋዜጠኛ ካለ፣ በእኔ ቦታ ይቀጠር።

ያዳኑኝ ቄስ ምሕረቴ ናቸው። «ጋኑ ሲወድቅ እኔ ‹ስምህ ይቀደስ› ላይ ነበርሁ» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት አባ?»

«የቀረውን ጩኸቷ አስተወኝ።»

እንግዲህ ከዚህ የተሻለ መረጃ ከየት ይምጣ? እስከዚያች ድረስ ይጸልዩና በሰዓት ይያዝ ተባለ። ቄሱ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ፤ በሸንጎ ፊት መሆኑም አልጠፋቸውምና ድምፃቸውን ጠርገው ረጋ ብለው ጀመሩ። ስምህ ይቀደስ ሲሉ የእኔ ሰዓት ዐሥራ አንድ ሴኮንድ ቆጥሯል። መምህሩ አካፈሉ፤ ግማሽ ወጣ። በዚህማ እንኳን ጋን እንቁላልም አይወድቅ አሉ። ሙላት ተነፈሰ።

ወይዘሮ ተዋበች ግን ብድግ አሉ። «አባ፣ ይፍቱኝና፣ መኪናው ላይ እንዲህ አልጸለዩም! ውሻ እንደሚያባርረው ሰው ነበር የሚጣደፉት!»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ሐሰት አይናገሩ ነገር። እንደ መኪናው አድርገው ደገሙት፤ አራት ሴኮንድ። መምህሩ አካፈሉ፤ አንድ ነጥብ አራት ገደማ። ከፊተኛው ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሙላት ዋርካውን ተደገፈ።

ሊቀ መንበሩ የመጨረሻው ማረጋገጫ ሙከራ ነው አሉ። ያንኑ የሚያህል ጋን ከመንደር መጣ፤ ውሃ ተሞላ፤ በዚያችው ቦታ ማቶት ላይ ተቀመጠ። እኔ ሰዓቴን ያዝሁ፣ መምህሩ እርሳሳቸውን፣ ቄሱ ጸሎታቸውን። ሊቀ መንበሩ መቀመጫ አልፈለጉም። ሁሉም እንዲያያቸው ከጋኑ ፊት፣ መተላለፊያው ላይ ጀርባቸውን ለሾፌሩ ሰጥተው ቆሙ።

ሙላት አውቶቡሱን እንደ ሙሽራ አነሣው። ቄሱ አባታችን ሆይን አሜን ብለው ዘጉ፤ ሌላ ጀመሩ። መርፌዋ ሃያ ስትደርስ ሠላሳ ሁለት ሴኮንድ ቆጠርሁ። ከጋኑ ጠብታ አልፈሰሰም። ሙላት በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ ሲል አየሁት። መንጃ ፈቃዱ የተመለሰለት መስሎታል።

ሊቀ መንበሩ ግን እጃቸውን አነሡ። «አያችሁ? አያችሁልኝ? ሲፈልግ እንዲህ ይችላል! እንግዲያ ቅድም ሆን ብሎ ነው ማለት ነው!» አሉ። ወደ ሾፌሩም ሳይዞሩ፣ «ቁም!» ሲሉ ጮኹ።

ሙላት የዚያን ቀን ትእዛዝ የሚያጓድል ሰው አልነበረም። ቆመ።

ጋኑ አሁን ወደ ፊት ነው የመጣው። ማቶቱ እዚያው ቀረ፤ ውሃው ግን ከሊቀ መንበሩ ደረት ጀምሮ እስከ ጫማቸው ወረደ። የእርሳስ ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ መምህር አለነ ከሰዓቴ ያነበብሁላቸውን እያሰሉ ነው።

«ከሃያ ወደ ዜሮ፣ ሁለት ሴኮንድ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ሁለት ነጥብ ስምንት ገደማ። የቅድሙ እጥፍ ነው።»

«ይሄ መቆም ነው እንጂ መነሣት መቼ ሆነ?» አሉ ሊቀ መንበሩ ውሃውን እያራገፉ።

«ለውጥ ነው ጓድ። የመቀነስ ምልክት እንጨምርበታለን እንጂ ስሌቱ ያው ነው።»

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ ምን ጻፍህ?»

የጻፍሁትን አነበብሁላቸው፦ ጋኑ የወደቀው ሊቀ መንበሩ ቁም ብለው ባዘዙ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ነው። አንድ ቃል አልጨመርሁም። ወይዘሮ ተዋበች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ሸንጎው እንደገና ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ጋን መጣል አሻጥር ከሆነ፣ በመዝገብ ያለው ጋን ሁለት ነው፤ የሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። ይህን አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም። ውሳኔውን ግን በዓይኔ አንብቤዋለሁ። ጋኖቹ ቂጣቸው ድቡልቡል በመሆኑ ራሳቸውን ችለው መቆም ያልቻሉ ስለሆኑ፣ ጥፋቱ የራሳቸው የጋኖቹ ነው ይላል። ሊቀ መንበሩ መንጃ ፈቃዱን ከራሰ ኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። ቀለሙ ተላቆ የሙላት ስም አይነበብም ነበር፤ ፎቶግራፉ ግን ደህና ነው።

በማግስቱ እንግዶቹ ውሃ ጠጡ። ንግግሩም አጭር ሆነ። እንዲህ ያለ ጥሩ በዓል አይተን አናውቅም ያሉኝን ሰዎች ቁጥር አልጽፍም።

ከዚያ ወዲህ በሙላት አውቶቡስ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። አነሣሡ እንደ ድሮው ነው፤ እንደ ፍየል። አንድ ነገር ብቻ ጨምሯል። ኬላ ላይ ገመዱ ሲወርድ ወደ ኋላ ዞሮ ተሳፋሪውን ይጠይቃል። ጋን የያዘ አለ ወይ ይላል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የሚጠይቀው ሊቀ መንበር ተሳፍሯል ወይ ብሎ ነው።