የአያ ደሴ ጀልባና የቤንዚኑ ሠንጠረዥ

ባዶ ሳጥን ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው አለ። ቅጽ ስጡት፤ የሚያውቀውን ይጽፋል፣ የማያውቀውንም ይጽፋል፣ የሚጽፈው ፈጽሞ ሲያጣ ጭረት ያሰምርበታል እንጂ ባዶውን አይተወውም። በመሥሪያ ቤት ያረጀን ሰዎች ይህን በሽታ እናውቀዋለን። ሁሉን ሞልቶ ያስረከበ ይመሰገናል፤ «ይህን አላውቅም» ብሎ ክፍት የተወ ግን ወረቀቱ ይመለስበታል። ስለዚህ እንሞላለን። እናንተም ትሞላላችሁ፤ አትደብቁኝ።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። አያ ደሴ ደግሞ በጣና ላይ ሰውና እህል የሚያመላልሱ ጀልበኛ ናቸው። የጀልባቸው ሞተር ከአሮጌ ሚኒባስ የተነቀለ ነው። ቤንዚኑን የሚመጥንለት ኮምፒውተር ውኃ ገብቶበት ተቃጠለ፤ ምትኩም ከገበያ ጠፋ። አንድ ጎረቤቴ «እሱ የማይሠራው ነገር የለም» ብሎ ወደ እኔ ላካቸው። እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰውን ገደል ይከታል። ቁርጥራጩን ከየሱቁ ለቃቅሜ ኮምፒውተሩን ሠራሁት፤ የሚያንቀሳቅሰውንም ፕሮግራም ከሀ እስከ ፐ ራሴ ጻፍሁት።

የዚህ ሁሉ ልቡ አንድ ሠንጠረዥ ነው። አግድሙ የሞተሩን ፍጥነት፣ ቁመቱ የተሸከመውን ጫና ያሳያል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት እያንዳንዱ ሳጥን ደግሞ «እዚህ ላይ ይህን ያህል ቤንዚን ስጠው» ይላል። ካበዛችሁበት ጥቁር ጭስ ይተፋል። ካሳነሳችሁበት ይግላል፣ ያስላል፣ ይጠፋል። መነሻ ቁጥሮቹን ያገኘሁት በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩ ሰዎች ነበርና፣ አየሩ ሳሳ በሚልበት በእኛ ከፍታ ሞተሩ በመጀመሪያው ቀን እንደ እርጥብ እንጨት ጨሰ።

ለብዙ ቅዳሜዎች ሁለታችን ብቻ ሐይቁ ላይ ወጣን። እሳቸው መሪውን ይዘው፣ እኔ ላፕቶፔን በፌስታል ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬ። ጭስ ማውጫው ላይ የገጠምሁት መለኪያ «በዛ» ሲል እቀንሳለሁ፣ «አነሰ» ሲል እጨምራለሁ፤ የተስተካከለውን ሳጥን አረንጓዴ እቀባዋለሁ። ጭሱ ጠፋ፤ ድምፁም ለሰለሰ። አንድ ጥግ ላይ ያሉ ጥቂት ሳጥኖች ግን ነጭ እንደሆኑ ቀሩ። ሞተሩ እዚያ የሚደርሰው ከባድ ጭነት ተሸክሞ ቀስ እያለ ሲገፋ ነው፤ እኛ ደግሞ ሁለት ሰዎች ነን።

አያ ደሴ አንድ ቀን ጎንበስ ብለው አዩና፣ «መምህር፣ ይኸ ጥግ ምነው ነጣ?» አሉ።

«እዚያ ብዙም አንደርስም» አልኋቸው። ከዚያ አጠገብ ያሉትን ሳጥኖች አየት አየት አድርጌ፣ በግምት ሞላሁት። ቀለሙንም አረንጓዴ ቀባሁት። ሲያምር!

ጀልባዋ ሥራ በጀመረችበት ቀን፣ ከቁንዝላ መለስ ብላ ካለች መንደር ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ እኔም አብሬ ነበርሁ። ወንድሙ የሚባል ሽንኩርት ነጋዴ ጆንያውን ደርድሯል። ልንነሣ ስንል ስንዱ የምትባል ምጥ የያዛት ወጣት በቃሬዛ መጣች። ከትናንት ጀምራ አምጣለች፤ መንገዱን ዝናብ ቆርጦት አምቡላንሱ አልደረሰላትም። ባሏና እናቷ አብረዋት ገቡ። ጀልባዋ ከዚያ በፊት አይቼባት በማላውቀው መጠን ውኃው ውስጥ ዝቅ አለች።

ግማሽ መንገድ ላይ ነፋስ ከፊት ለፊት ተነሣ። ሞተሩ አሳለ። ደግሞ አሳለ። ጠፋ።

ማዕበሉ ጀልባዋን ወደ ጎን ያዞራት ጀመር፤ ስንዱ ጥርሷን ነክሳ ታቃስታለች። ላፕቶፔን ከፈትሁ። ሞተሩ ሲጠፋ የነበረበትን ቦታ የምታመለክተው ነጥብ እዚያው ጥግ፣ በገዛ እጄ በቀባሁት ሳጥን ላይ ቆማለች። ፊቴ ጋለ።

«አያ ደሴ፣ ቤንዚን ያነሰው እዚህ ነው። ሳልሞክር ነው የሞላሁት።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ኋላ ትናዘዛለህ፤ አሁን ጨምርለት» አሉ።

ጨመርሁ። ተነሣ፤ ጥቂት ገፍቶ ደግሞ ጠፋ። ይኼኔ የስንዱ እናት ብድግ አሉ። «ሸክሙ ነው! ሽንኩርቱን ጣሉት!»

ወንድሙ ጆንያዎቹን አቀፈ። «እማማ፣ ያለኝ እኮ ይኸው ነው!»

ስንዱ ከቃሬዛው ላይ አንገቷን ቀና አደረገች። «እኔን አትጣሉኝ እንጂ የፈለጋችሁትን ጣሉ» አለች።

ባሏ ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው አፈረ። ወንድሙ ግን የመጀመሪያውን ጆንያ ራሱ ወደ ውኃው ገፋው። ሌሎቹንም እያከታተለ። ጀልባዋ ብድግ ስትል እኔም እንደገና ጨመርሁ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ በዚህኛው ጊዜ ጸና። ከዚያ በኋላ እስከ ወደቡ ድረስ ቀና አላልሁም። ነጥቧ በሄደችበት እየሄድሁ፣ ባሳለ ቁጥር እየጨመርሁ፣ በጨሰ ቁጥር እየቀነስሁ ደረስን። ስንዱን ባጃጅ ይዟት በረረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ በሰላም መገላገሏን ባሏ ለአያ ደሴ ደውሎ ነገራቸው።

ከወር በኋላ ወደቡ ላይ የስንዱን እናት አገኘኋቸው። አያ ደሴን ትከሻቸውን ሳሙ። ወንድሙን እጁን ይዘው ረጅም ምርቃት መረቁት። ይገባዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንተ ያ የኮምፒውተሩ ሰውዬ አይደለህም?»

«ነኝ፣ እማማ።»

«ልጄ በሞትና በሕይወት መካከል ሆና፣ ሰው ሁሉ ፈጣሪውን ሲጠራ፣ አንተ ያን ነገር አቅፈህ ስትጫወት! ቀና ብለህ እንኳ አላየሃትም። እግዜር ልብ ይስጥህ!»

አያ ደሴ ሊያስረዱልኝ አፋቸውን ከፈቱ። በዓይኔ ለመንኋቸው፤ ተዉት። ቁጣውስ የሚገባኝ ነው፤ እውነተኛውን ጥፋቴን ልናገር ብል ግን ከሠንጠረዡ መጀመር ሊኖርብኝ ነው።

«አጥፍቻለሁ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

ቶሎ ይቅር አሉኝ፤ እንዲያውም ጉንጬን ሳሙኝ። በሌላ ስም ለተጠራ ጥፋት የተሰጠ ይቅርታ ይሠራ እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ።