ሜንተሯ፣ ሕፃኑና የተቆለፈው ቁም ሣጥን

ስሙኝማ፣ ዛሬ እያስተማርኩ ሰው ልገድል ነበር!

ቀልድ አይደለም። ወላሂ! መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት እለፉኝ። ንድድ ብያለሁ። በማን እንደሆነ እያነበባችሁ ታገኙታላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ደሴ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በቅርቡ ደግሞ ሜንተር ሆኛለሁ። ጥናት ያረጋገጠውን ነገር ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ እወርዳለሁ፤ አዋላጆቹ አጠገብ ቆሜ፣ ወረቀት ላይ የቀረው ነገር ማዋለጃ አልጋው ላይ እንዲሠራ አደርጋለሁ።

በአፍ ሲነገር ያምራል አይደል?

ዛሬ የሄድኩበት ጣቢያ ከኮምቦልቻ አለፍ ብሎ፣ በሐርቡ መንገድ ነው። ስሙን አልነግራችሁም፤ ማፈር ያለባቸው እነሱ አይደሉማ! እዚያ ዘሀራ የምትባል አዋላጅ አለች። ልጅ እግር ናት፣ ስትናገር አንገቷን ደፍታ ነው። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ነገር ደጋግሜ ነገርኳት። ሕፃን ተወልዶ ካልተነፈሰ ያለሽ አንድ ደቂቃ ነው፤ አድርቂው፣ ጀርባውን እሺው፣ እምቢ ካለ በአምቡባግ አየር ስጪው። አምቡባግ ማለት ያ በእጅ የሚጨመቀው ፊኛ ነው። እሱ ደግሞ ከአልጋው አጠገብ አይራቅ! ጥናቱም የሚለው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ባለፈው ወር ሌላ ጣቢያ ላይ አንድ አምቡባግ ጠፋ። በእኔ ፊርማ የወጣ! በንዴት ጦፌ በየጣቢያው ቁም ሣጥን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ማስታወቂያ ጽፌ ለጠፍኩ። «አምቡባግ ሥራ ላይ ካልሆነ ተቆልፎ ይቀመጥ!!» ከሥሩ ስሜ፣ ፊርማዬ። ማኅተም ብቻ ነው የቀረኝ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ጋዎኔን ተኩሼ ደረስኩ። ጣቢያው ተወልውሎ ያበራል። ደስ አለኝ፤ ኮራሁም፣ ምን ልዋሽ!

ብዙ ሳልቆይ ምጥ የያዛት እናት ከአማቷ ጋር በባጃጅ መጣች። ዘሀራ አዋለደቻት። ወንድ።

ዝም።

አላለቀሰም። አልተነፈሰም።

ዘሀራ አደረቀችው፣ ጀርባውን አሸችው። አሁንም ዝም። «አምቡባግ!» ብዬ ጮህኩ። እጇን ወደ አልጋው ራስጌ ሰደደች፤ የለም። ለካ ባለመስታወቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ተቆልፎ። ቁልፉን የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ይዞት ኮምቦልቻ ሄዷል። ምን ሊያደርግ? ስልጠና!

እኔስ ምን አደረግኩ? ስድስት ወር ያስተማርኩት እኔ? የቁም ሣጥኑን እጀታ ይዤ መነቅነቅ! «ቁልፍ! ቁልፍ አምጡ!»

ዘሀራ ሕፃኑን በፎጣ እንደተጠቀለለ አስታቀፈችኝ። «ሲስተር፣ ይያዙልኝ» አለች። ከዚያ ያቺ አንገቷን የምትደፋ ልጅ የግሉኮስ ማንጠልጠያውን ብረት አነሳችና መስታወቱን እንክትክት አደረገችው!

ከአፌ የወጣው ቃል ምን መሰላችሁ?

«ወይኔ መስታወቱ!»

ሕፃን እጄ ላይ እየጠቆረ እኔ ለመስታወት አዘንኩ! አማቲቱ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ኧረ ይቺ ምን ጉድ ናት! መስታወቱ ድራሹ ይጥፋ፣ ልጁን በይ እንጂ!» ብለው አምባረቁብኝ። ልክ ናቸው።

ዘሀራ አምቡባጉን ከነላስቲኩ አወጣችው፣ ከፈተችው፣ ሕፃኑን ተቀብላኝ ጭንብሉን አፍና አፍንጫው ላይ ገጠመች። ትጨምቃለች፣ በአፏ ትቆጥራለች። ደረቱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። እኔ እንዲሁ ቆሜ ዱዓ ሳደርግ ነበር። ከዚያ ልጁ ፊቱን አጨማደደና ጣቢያውን በለቅሶ አናወጠው።

አልሐምዱሊላህ!! አማቲቱ እልልታውን አቀለጡት። እኔ ግድግዳ ተደግፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጁን እናቱ ደረት ላይ ካስተኛነው በኋላ ግን ንዴቴ ገነፈለ። ዘሀራን ኮሪደር ላይ ጠርቼ ጮህኩባት። «ስድስት ወር ምን ብዬ ነው ያስተማርኩሽ? ከአልጋው አይራቅ አላልኩም? ማነው የቆለፈው?»

መስታወት የቆረጠው ጣቷን በጥጥ ይዛ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ ሲስተር። ሌላ ቀን እኮ አልጋው ራስጌ ነው የሚውለው። ዛሬ እርስዎ ይመጣሉ ተብሎ ነው የቆለፍነው። እንዳይቆጡን ብለን።»

አነበባችሁት? እንደገና አንብቡት!

እኔ በሌለሁበት ቀን ሁሉ ያስተማርኩት በትክክል ይሠራል። እኔ ስመጣ ይቆለፋል። ያ ልጅ ትናንት ቢወለድ ኖሮ ያቺ ደቂቃ አታመልጠውም ነበር!

የተናደድኩት በራሴ ነው። ከሕፃን ትንፋሽ በላይ በሚያስፈራን የንብረት ፊርማም ጭምር! ስድስት ወር አጠገቧ ቆሜ፣ «ሲስተር፣ ይሄ ማስታወቂያ ልክ አይደለም» የምትልበትን ድፍረት አልሰጠኋትም። እሷ ጥናቱን ተግባር ላይ ለማዋል ከእኔ ተደብቃ ነው የምትሠራው። ምን ዓይነት ሜንተር ነኝ?

ማስታወቂያውን ቦጫጭቄ ጣልኩት። ይቅርታም ጠየቅኳት። እሷ ግን ስለተሰበረው መስታወት እኔን ይቅርታ ትጠይቀኛለች! የባሰ አናደደችኝ፣ አቅፌ ሳምኳት።

አሁን ወደ ደሴ እየተመለስኩ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፣ የጉብኝት ቅጹ ጭኔ ላይ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ሜንተሯ በጣቢያው በመገኘቷ የታየ ለውጥ ካለ ይገለጽ።»

እስቲ እናንተው ንገሩኝ፣ ምን ብዬ ልሙላው?