«ለትምህርት ነው» የተባለው ላፕቶፕ

ሰው ሶፋ ሲገዛ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ሊቀመጥበት እንደሆነ ይታወቃል። ላፕቶፕ እፈልጋለሁ ያለች የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግን፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከቤቷ እስከ ሱቁ ደጃፍ የሚጠብቃት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለምንድን ነው?» መልሱም አንድ ነው፤ «ለትምህርት ነው።» ሌላ መልስ የለም። እናንተም በእኔ ቦታ ብትሆኑ ሌላ አትሉም ነበር።

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ለጌም ነው። ይህን ጮክ ብዬ ለሰው ተናግሬው ስለማላውቅ ነው በጽሑፍ የማወጣው። ጌም የሚለው ቃል እኛ ቤት ሲነሳ እናቴ ሰው የሞተ ያህል ፊቷ ይለወጣል። የሚያናድደኝ ደግሞ የከልካዮቹ የራሳቸው ነገር ነው። አባቴ ኳስ ማሳያ ቤት ሄዶ ድምፁ እስኪዘጋ ጮሆ ይመለሳል፤ ያ መዝናናት ነው። ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ዳማ ላይ ከተቀመጡ ምሳቸው ይቀዘቅዛል፤ ያ አእምሮ ማሠራት ነው። እኔ ቤቴ ተቀምጬ፣ ማንንም ሳላስቸግር፣ ስክሪን ላይ መኪና ልንዳ ስል ግን ብልግና ይሆናል። በዚያ ላይ ሴት ልጅ ነኝ። ይህኛውን አልዘረዝረውም፤ ገብቷችኋል።

ስለዚህ ዋሸሁ። የቆጨኝ መዋሸቴ ሳይሆን፣ ውሸቱ እኔኑ እንደሚይዘኝ አለማወቄ ነው። «ለትምህርት» ላለ ሰው የሚሰጠው ደካማው ላፕቶፕ ነው፤ ለማንበብና ለመጻፍ ምን ጉልበት ያስፈልጋል? ጉልበት የሚያስፈልገው ለጌም ነው። ጉልበት ያለው ይሁንልኝ እንዳልል ደግሞ ምክንያቱን ልጠየቅ ነው።

ከዕውቀት ማነስ አልነበረም። ከጓደኛዬ ከሰብለ ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ በዓመት ውስጥ አንድ ደብተር ሞልቻለሁ። የላፕቶፑ አንጎል ስለሆነው ስለ ፕሮሰሰሩ ሲነሳ የክፍላችን ወንዶች «አይ ሰቨን ከሆነ አለቀ» እያሉ ይምላሉ። አላለቀም። የዛሬ አሥር ዓመት የወጣ አይ ሰቨን ዘንድሮ በወጣ አይ ስሪ ይበለጣል፤ ዋናው ስንተኛ ጀነሬሽን፣ ስንተኛ ትውልድ ነው የሚለው ነው። ሌሎቹ «ራይዘን ነው እንጂ» ብለው ይጣላሉ፤ እሱም ቢሆን አሮጌም አዲስም አለው። ለጌም ደግሞ ምስሉን የሚያንቀሳቅስ፣ ለብቻው የተቀመጠ የግራፊክስ ካርድ ከሌለ የፕሮሰሰሩ ስም ብቻውን የትም አያደርስም። ብራንድማ አታንሱብኝ፤ ሰዉ ክዳኑ ላይ ያለውን ምልክት አይቶ ይገዛል፣ ያው ኩባንያ ግን ጠንካራውንም ደካማውንም ይሠራል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ከደብተሬ ውጭ የሰማ የለም።

የመግዣው ቀን ሲደርስ አባቴ ምን አለ? «አያ ቢያድግልኝ ይዩት።»

አያ ቢያድግልኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጉንደ ወይን አካባቢ የሚያርሱ ገበሬ። በአካባቢያቸው በሬ የሚገዛ ሰው ሁሉ እሳቸውን ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው። ዓይናቸው አይስትም ስለሚባል የእኛም ቤተሰብ ቀስ በቀስ ሁሉንም ነገር ያሳያቸው ጀመር። ፍሪጁን ያዩት እሳቸው ናቸው። ቁም ሣጥኑንም፣ የአክስቴን ባልም ያዩት እሳቸው ናቸው። ፍሪጁ እስካሁን ይሠራል።

እስቲ ፍረዱኝ። ደብተር የሞላሁት እኔ፣ የሚመርጡልኝ ላፕቶፕ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ሰው። ተናድጄ ተናድጄ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «እሺ» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ገባን። ሻጩ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት ነው፤ እኔን አልፎ አጎቴን «ለወንድ ልጅዎ ነው አባባ?» አላቸው።

«ለእህቴ ልጅ ነው፤ ይችው።»

«ለምንድን ነው?»

ሁለቱም አዩኝ። «ለትምህርት» አልኩ።

ሻጩ ወዲያው ቀጭን፣ ብርማ ላፕቶፕ አወረደና የተለጠፈበትን ምልክት በጣቱ መታ መታ አደረገ። «አይ ሰቨን ነው አባባ። ለተማሪ ከዚህ በላይ የለም።»

«ስሙን መች ጠየቅሁህ» አሉ አያ ቢያድግልኝ። «ዕድሜው ስንት ነው?»

«አዲስ ነው፤ ካርቶኑን ዛሬ ነው የከፈትኩት።»

«ቤትህ የገባበትን አይደለም የምልህ፤ የተወለደበትን ነው።»

ሻጩ ሳቀ። አጎቴ አልሳቁም። ከዚያ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስድስተኛ ጀነሬሽን» አለ።

«ከእሱ ወዲህ ስንት ተወለደ?»

ይህ ጥያቄ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነው። እኔን ዓመት የፈጀብኝን እሳቸው ከበሬ ጥርስ ተምረውታል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ይበልጥ ተናደድኩ።

አጎቴ ቀጠሉ። አንስተው መዘኑት። «ሳይበላ ስንት ሰዓት ይሠራል?» አሉ፤ ባትሪውን ነው። በመጨረሻ «በል ከባድ ሥራ አሠራው» አሉ።

«ለትምህርት እኮ ከባድ ሥራ የለውም አባባ።»

«እኔ ዝም ብሎ ሲቆም አይቼ አልገዛም። እናንተ በዚህ ዕቃ የምትሠሩት ከባዱ ሥራ ምንድን ነው?»

ሻጩ ጭንቅላቱን አከከ። «ጌም ነው» አለ።

የጫማዬን ክር ማየት ጀመርኩ።

«አስገባበት እንግዲያ» አሉ አያ ቢያድግልኝ።

ልጁ የእርሻ ጌም ከፈተ። ሰፊ ማሳ፣ ቀይ ትራክተር። ትራክተሩ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ፤ ደግሞ ዘለለ፤ ደግሞ ቆመ። የላፕቶፑ ማራገቢያ ማቃሰት ያዘ። አጎቴ መዳፋቸውን ከሥሩ ሰደው «ትኩሳት አለው» አሉ። ወዲያው ስክሪኑ ደርቆ ቀረ።

«ተኛ» አሉ። በሬ እርሻ መሃል ተኝቶ አልነሳ ሲል የሚሉት ነው። «ወደ ቦታው መልሰው።»

እኔ ከገባን ጀምሮ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ነበር የማየው። ጥቁርና ወፍራም፤ ራይዘን፣ የቅርብ ጀነሬሽን፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ቁልፎቹ በሰባት ቀለም የሚበሩ። አጎቴ በከብት ገበያ የገዢን ዓይን ማየት የለመዱ ሰው ናቸው።

«አንች፣ ዓይንሽ የት ነው ያለ?»

«ያኛው» አልኩ። በዚያ ሱቅ ከ«ለትምህርት» ቀጥሎ ያወጣሁት ሁለተኛው ቃል ነው።

«ኧረ እሱ የጌም ነው» አለ ሻጩ። «ለትምህርት አይሆንም።»

አንድ ዓመት የለፋሁበት ነገር እዚያች ዐረፍተ ነገር ላይ ተንጠለጠለ። አጎቴ አንድ ጊዜ ብቻ «የጌም ለምን አማረሽ?» ቢሉኝ አለቀልኝ። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ቀጥለው ላፕቶፑን፣ በመጨረሻ ሻጩን።

«ከባዱን የቻለ ቀላሉ ምን ያቅተዋል? አውርደው።»

ትራክተሩ በዚህኛው ላይ እንደ ውኃ ሄደ። አጎቴ ማውሱን ከልጁ እጅ ወሰዱ። አንድ ትልም አወጡ። መለሱት። ሌላ ትልም አወጡ። ከኋላችን ገዢ ቢሰለፍም ዞር ብለው አላዩም። «ድንጋይ የሌለው ማሳ የት አለ? ይኼ ውሸት ነው» አሉ፤ ግን አልተነሡም። ማሳው ሲያልቅ ቀና አሉና «አሁን ዋስ ጥራ» አሉ።

«ዋስትናማ አለው፤ የአንድ ዓመት ወረቀት ነው» አለ ሻጩ።

«ወረቀትን ቤቱ ሄጄ አልጠይቀውም። ሰው ጥራ።»

ጎረቤቱ፣ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ፣ ሜትራቸውን እንደያዙ መጡ። «ምን እንዳያደርግ ነው ዋስ የምሆነው?»

«እንዳይተኛ።»

ሐጂ ሳቁ። «በሬ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ልጁን ግን አውቀዋለሁ፤ ለዓመቱ እኔ አለሁ።»

አጎቴ አባቴ የሰጣቸውን ብር ቆጥረው ከከፈሉ በኋላ ካርቶኑን ታቅፌ ወደ ቤት ስሄድ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። የተናደድኩት ሁሉ ጠፍቶልኝ አጎቴን በልቤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ቸኩዬ ነበር።

ላፕቶፑን ከፈት ሳደርግ እናቴ ከኋላዬ ናት። «ምን እየሠራሽ ነው?» ለትምህርት ብያለሁና ምን ልበል? ቁልፎቹ በሰባት ቀለም ይበራሉ፤ እኔ ስለ ሴል ክፍፍል አነባለሁ። የዚያ ግራፊክስ ካርድ ነገር ያሳዝናችሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አያ ቢያድግልኝ ከጉንደ ወይን በአውቶቡስ መጡ። በዓመት ሁለቴ የሚመጡ ሰው ናቸው። ሰላምታው ሳያልቅ «ያ ነገር አልተኛም?» አሉኝ።

«አልተኛም።»

«እስቲ አምጭው፤ ልየው።»

እስከ ምሳ አረሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥተው ስንዴ ዘሩ። በሦስተኛው ትራክተር ጨመሩ። ቤታቸው ያሉት በሬዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው አርጅቷል። እዚህ ጌሙ ላይ ግን የሚያጭድ የሚወቃ መኪና አላቸው። እናቴ፣ ጌም ሲባል ፊቷ የሚለወጠው እናቴ፣ ውኃ ታቀርብላቸዋለች። «ይፈትሹት እንጂ» ትለኛለች፤ «ዓይናቸው አይስትም።»

አንድ ቀን እንደ ምንም ደፍሬ «አጎቴ፣ ፍተሻው አላለቀም?» አልኳቸው።

«ሐጂ ለስንት ጊዜ ነው ዋስ የሆኑት?»

«ለዓመት።»

«እኮ።»

ባለፈው ቅዳሜ ስንዴያቸውን አጭደው ጎተራ ካስገቡ በኋላ ማውሱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «አንችም እስቲ ሞክሪ፤ ዝም ብለሽ ከምታይኝ።»

ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ነበር። እጄንም ዘርግቼ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ትምህርት አለብኝ» አልኩ።

«ጎበዝ» አሉና ወደ ትራክተራቸው ዞሩ።