የመሪጌታ ፕሮፔለር

ሰው ምክር ሲሰጥ ድምፁ በጣም የሚደምቀው ስለማያውቀው ነገር ሲያወራ ነው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የሚያውቀውን የጠየቃችሁት ሰው ራሱን ያክካል፣ «እንደ ሁኔታው ነው» ይላል፣ ጭራሽ መልሶ እናንተኑ ይጠይቃችኋል። የማያውቀውን የጠየቃችሁት ግን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ይህን የምለው በሰው ለመሳቅ አይደለም። እኔ ራሴ ደባርቅ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ወንበር ስቤ የተቀመጥኩባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።

ደባርቅን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ብርድ አለ፣ ገብስ አለ፣ ተራራ ሊወጣ የመጣ ፈረንጅ አለ። የሌለን ሐይቅ ነው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ሞተር የምትሄድ ትንሽ የጀልባ ሞዴል ልሠራ ነው ብዬ ባወራሁ ጊዜ ከተማው በሙሉ አማካሪዬ ሆነ፤ ጀልባ ያየ ሰው አልነበረማ። ከአንድ ሰው በቀር። እሳቸውም የሚስቴ አባት፣ መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው።

መሪጌታ በወጣትነታቸው ጣና ላይ፣ አንዲት ደሴት ገዳም ገብተው ዜማ ሲማሩ አሥራ አንድ ዓመት ቆይተዋል። አገሩ ሁሉ «አሥራ አንድ ዓመት ከመምህሩ እግር ሥር ያልተነሣ ሊቅ» እያለ ያከብራቸዋል። ሚስቴ ትርንጎ ግን ከተጋባን ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በሩን ዘግታ፣ እውነቱን ነገረችኝ። ትምህርቱ ያለቀው በስምንተኛው ዓመት ነው። የቀሩትን ሦስት ዓመታት የቆዩት ታንኳ መሳፈር ፈርተው ነው። በመጨረሻ ባልንጀራቸው አባ ገብረ ማርያም የመሪጌታን ዓይን በነጠላ ሸፍነው፣ እጃቸውን ይዘው፣ ጆሯቸው ሥር ዳዊት እየደገሙ አሻገሯቸው።

አምና የታመሙት እኚሁ አባ ገብረ ማርያም ናቸው። ከደሴቲቱ ስልክ አስደውለው «ልሳነወርቅን አንድ ጊዜ ልየው» አሉ። መሪጌታ መጀመሪያ ጾሙ ይፈታ አሉ። ጾሙ ሲፈታ ክረምቱ ይውጣ አሉ። ክረምቱ ሲወጣ ጉልበቴን አመመኝ አሉ። አንድ ቀን ትርንጎ ዳዊታቸውን ገልጠው ሳያነቡ ሲያለቅሱ አገኘቻቸው፤ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጣች። ስንቱን የሞተ ቴፕ እያስጮህኩ አባቷን ውሃ የማሻግርበት አንድ ብልሃት ማጣቴ እንዳሳዘናት ነገረችኝ። ያሳዘናት ሰው አትመስልም ነበር፤ የተቆጣች ነው የምትመስለው።

አሰብኩበት። እሳቸው የሚያውቁት ከደንገል ሣር የታሰረ ታንኳ ነው። ዛሬ ሰው የሚሻገረው በሞተር ጀልባ ነው። የዚህ ዘመን ጀልባ እንዴት ቀጥ ብሎ፣ ሳይወዛወዝ እንደሚሄድ በዓይናቸው ቢያዩ ልባቸው ይረጋ ይሆናል። ቀፎውን ከአዲ አርቃይ በመጣ ቀላል የዋንዛ እንጨት ፈለፈልኩ። ዘንጉን ከብስክሌት ራጂ ሠርቼ፣ ግሪስ በሞላሁት የእስክርቢቶ ቀፎ ውስጥ አሳለፍኩት። ቀሪው ሞተሩንና፣ ውሃውን በክንፎቹ እየቀዘፈ ጀልባዋን የሚገፋውን ፕሮፔለር መምረጥ ነው። ምክር የዘነበው እዚህ ላይ ነው።

ጋሻው የሚባል የአይሱዙ ሹፌር ጎረቤት አለኝ፤ ሊማሊሞን ሲወርድና ሲወጣ ነው ዕድሜው ያለቀው። «ዳገት ላይ የሚለምን ሞተር እንዳታስገባ» አለኝ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ደግሞ የፕሮፔለሩ ክንፍ ሰፋ ካላለ ውሃ እንደማይጨብጥ አስረዳኝ። ሁለቱንም እሺ አልኩ። ከተሰበረ ድሪል ሞተሩን ከነባትሪው አወጣሁ፣ ከዘይት ቆርቆሮም መዳፌን የሚያህል ፕሮፔለር ቀደድኩ። ውሃ ላይ ዳገት እንደሌለ ከሦስታችን አንዳችንም ትዝ አላለንም።

ዳባት አጠገብ የትርንጎ አጎት ነጭ ሽንኩርትና ድንች የሚያጠጣበት፣ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ አለ። መሪጌታን በስንት ልመና ወሰድናቸው። ከውሃው ዳር ስድስት እርምጃ ርቀው፣ መቋሚያቸውን ጨብጠው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሞተሩን አስነሣሁ። ፕሮፔለሩ ወደ ቀኝ ሲዞር ጀልባይቱ ወደ ግራ ዞረች፤ አፍንጫዋን አነሣች፣ በጎኗ ተኛች፣ ተገለበጠችና ከነባትሪዋ ወደ ታች ወረደች። በስመ አብ ብላችሁ ሳትጨርሱ ነው ሁሉም ያለቀው።

መሪጌታ አልሳቁም። «አርባ ዓመት ሙሉ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የማየው ይህንን ነው» አሉና ተነሥተው ሄዱ። ትርንጎ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እኔም ራሴን አላናገርኩትም፤ የሰውየውን ፍርሃት ላስወግድ ሄጄ በማስረጃ አጽንቼው ነው የመጣሁት።

በሦስተኛው ቀን ሱቄ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። በተጋባን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚያ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። ከእግዜር ሰላምታ በኋላ፣ «እንዴው ልጄ፣ የገለበጣት የጉልበቱ ማነስ ነው ወይስ መብዛቱ?» አሉኝ።

መብዛቱ ነው አልኳቸው።

«እንግዲያው ቀንሰዋ» አሉና ወንበር ሳቡ።

ከቴፕ የወጣች ትንሽ ሞተር ነበረችኝ። የቴፕ ሞተር ካሴት የሚያዞር ስለሆነ ግልፍተኛ አይደለም፤ ቢቸኩል ዘፋኙ ይንጫጫል። ፕሮፔለሮችን ከትልቅ እስከ ትንሽ አምስት አድርጌ ቆረጥኩና ውሃ በሞላሁት ሳፋ ውስጥ አንድ በአንድ መሞከር ጀመርን። መሪጌታ ውሃውን አያዩም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። በትልቁ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ይህ ከአቅሙ በላይ ከፍ አድርጎ የጀመረ ተማሪ ነው፤ መሃል ላይ ይሰበራል» አሉ። ሞተሯን ነካኋት፤ ጣቴን አቃጠለችኝ። በትንሹ ጊዜ ደግሞ ይህኛው ይጮሃል እንጂ አይሠራም አሉ። እውነት ነው፣ በባዶ እየተሽከረከረ ውሃውን አልገፋውም። በአራተኛው፣ ሃምሳ ሳንቲም በምታህለው ባለ ሁለት ክንፍ፣ ክንፎቿን ሁለቴ ጠምዘዝ ካደረግኩላቸው በኋላ ፊታቸው ፈታ አለ። ድምፁ ቦታውን አገኘ አሉኝ። ቴስተሬን አውጥቼ ሞተሯ የምትስበውን ኤሌክትሪክ ለካሁ። ያንኑ ነገረኝ፤ ዘግይቶ።

እንደገና ዳባት ወረድን። ጀልባይቱ ቀጥ ብላ፣ ታቦት እንደሚያጅብ ሰው ረጋ ብላ ሄደች። መሪጌታ ግን ሊቅ ናቸው፤ ባዶዋን መሄዷን ምን ይጠቅመኛል፣ ሰው ሲሳፈርስ አሉ። ከአጎትየው ማሳ ሦስት ድንች ለቀሙ። አንዱን ነጂው ነው አሉ፣ አንዱን መንገደኛ አደረጉት። ትንሿን ጥቂት አገላብጠው አዩና «ይህች እኔ ነኝ» ብለው በእጃቸው መሃል ላይ አስቀመጧት። ጀልባይቱ ትንሽ ዝቅ አለች፣ ድምጿ ትንሽ ወፈረ፣ ተሻገረች። ያን ጊዜ ሳይታወቃቸው ከኩሬው አፋፍ ደርሰው የቀሚሳቸው ጫፍ ውሃ ነክቶ ነበር። በሳምንቱ እኔና እሳቸው ባሕር ዳር ነበርን።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። እኔ ሐይቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ኩሬ ዳር አለው፤ የዚህኛውን ማዶ ባይ ባይ አጣሁት። ጀልባው መጣ። የሞተሩ ዘንግ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ በዚያ ቀዳዳ ምን እንደሚገባ፣ ክንፍ ቢሰበር ምን እንደሚሆን አንድም ሳይቀር አውቀዋለሁ። ማወቁን ምን አመጣብኝ? እግሬ እንቢ አለ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

መሪጌታ ለራሳቸው ዳዊት እየደገሙ ገብተው ተቀምጠዋል። አዩኝ። «ልጄ፣ አትፍራ አልልህም፤ ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። ዛፉ ሥር ተቀመጥና ጠብቀኝ። ትርንጎ አትሰማም።»

ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። «አገኘሁት። አብረን አዜምን፤ እሱ ተኝቶ፣ እኔ ቆሜ» አሉኝ። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔም ትከሻቸውን ያዝኩ።

ጀልባ ነጂው ገመዱን አስሮ ሲጨርስ ወደ ጎን ሳበኝ። ባለፈው ሳምንት ፕሮፔለሩን በትልቅ ቀይሮ ኖሯል፤ ለማንም አልተናገረም። ሽማግሌው ሐይቁ መሃል ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይፍሩ ያዳምጡ ሳይታወቅ ድንገት «ይህ ይበዛበታል፣ አውልቀው» ብለውታል።

«አባታችን መካኒክ ናቸው?» አለኝ።

«አይደሉም» አልኩት። «መካኒኩ እኔ ነኝ።»

ሰውየው እኔን አየ፣ ቀኑን ሙሉ የተቀመጥኩበትን ዛፍ አየ፣ ከዚያም በአክብሮት እጅ ነሣኝና የቀረውን ለመጠየቅ ወደ መሪጌታ ሄደ።