አውሮፕላን ላይ የገዛኋት የአንድ ሰዓት ኢንተርኔት

አውሮፕላን ውስጥ ኢንተርኔት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ አትፈሩ፣ እኔም በቅርቡ ነው ያወቅኩት። መሬት ላይ ያለውን መች ጠገብነውና ነው የሰማዩን የምንጠይቀው?

እኔ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። እኛ ቤት ኔትወርክ በደንብ የሚገባው በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ብቻ ነው፤ እሱም አንገት ወጣ ከተደረገ። ስለዚህ ሕንፃችን ላይ ምስጢር የለም። ከታች ያለችው ጎረቤቴ ከአማቷ ጋር ስትነታረክ ቃል በቃል እሰማለሁ። እሷም የእኔን ትሰማለች። ማታ ማታ ሁላችንም አንገታችንን በመስኮት አውጥተን "ሃሎ! ይሰማል?" ስንል ከመንገድ ያየን ሰው ምን እንደሚለን እንጃ። እንግዲህ ከዚህ ሕንፃ የወጣ ሰው ነው ከደመና በላይ ተቀምጦ "ኢንተርኔት ይግዙ" የተባለው።

ሥራዬ የቧንቧ ዕቃ ንግድ ነው። መካኒሳ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ አልፎ አልፎም ዕቃ ለማየት ቻይና እሄዳለሁ። ከጎኔ ቀለም የሚሸጠው ጓደኛዬ ሰለሞን ከእኔ የበለጠ ይበራል፤ በሁሉም ነገር ላይም አቋም አለው። ይህን የሰማይ ኢንተርኔት አንድ ጊዜ ገዝቶት ያውቃል። ምን ሠራህበት ብለው የአውሮፕላኑን ክንፍ ፎቶ አንሥቼ ለጠፍኩ አለኝ። ሌላስ? ማን ማን እንደወደደው አየሁ። ማን ማን ወደደው? ሚስቱና እኔ። ከዚያ ወዲህ ዳግም ላይገዛ ምሏል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው ይላል። ደግሞስ፣ ደንበኛ የማይደውልልህ፣ ደላላ የማያገኝህ ቦታ ቢኖር አውሮፕላን ብቻ ነው፤ ያንን ሰላም በገዛ ካርድህ ከፍለህ ታባርረዋለህ? ይላል። እውነቱን ነው። እኔም ምክሩን ተቀብዬ ስንቱን ሰማይ በእንቅልፍ አልፌዋለሁ። የዚያን ጊዜ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ምሕረት የምትባል እህት አለችኝ። አባትና እናታችን ካለፉ በኋላ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ያሳደግኳት ስል ዩኒፎርም ከመተኮስ እስከ ሹሩባ መሥራት ማለቴ ነው። ሹሩባው እንኳ አንድ ቀን ብቻ ነው የተሞከረው፤ በማግሥቱ ጎረቤት ተረከበኝ። አሁን አድጋ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ናትናኤል የሚባል ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ልጁ እንከን አይወጣለትም፤ እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ። ሽማግሌ ላከ።

መቼም ሽማግሌ በመጣ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ልጅቷ ከብዳቸው ነበር እንዴ ይባላላ። ስለዚህ "እንምከርበት" ብለን መለስናቸው። ለሁለተኛ ጊዜ መጡ። "ዘመድ እናማክር" ብለን መለስናቸው። የትኛውን ዘመድ? ዘመዶቻችን እንደሆኑ ለሰርጉ ልብስ መለካት ጀምረዋል። የሚመክረውም የሚያዘገየውም እኔ ብቻ ነበርኩ። ለሰው ሁሉ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እላለሁ። ውስጤ ግን ሌላ ነው። ምሕረት ከሄደች እዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር የሚቀረው ቴሌቪዥኑ ነው። ፈራሁ፣ ሌላ ስም የለውም።

ሦስተኛው ቀጠሮ ለቅዳሜ ማለዳ ተያዘ። የእኔ በረራ ደግሞ አርብ ማታ ሆነ። ሆን ብዬ ነው አልልም፤ ሳላስበው ነው ለማለትም ይከብደኛል። አጎቴ ጋሽ ጴጥሮስ ጋ ደውዬ ቀጠሮውን እንዲያስተላልፍልኝ ለመንኩት። አጎቴ ወግ አጥባቂ ነው። ሽማግሌ በስልክ አይመለስም፣ ነውር ነው አለኝ። ይምጡና ፊት ለፊት በክብር ይነገራቸዋል አለ። እንግዲያው አንተው ንገርልኝ ብዬ ወጣሁ። አውሮፕላን ውስጥ ነው ከተባለ ማን ምን ይለኛል?

በአገራችን ሰዓት ሲነጋ ከበታቻችን ባሕር ነበር፣ የየትኛው አገር እንደሆነ እንጃ። ሌሊቱን ሙሉ ተገላብጫለሁ። ከጎኔ የተቀመጡት እማማ ብርቄ፣ ቻይና ምግብ ቤት የከፈተች ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ደግ ሴት፣ አስተውለውኛል።

"ምነው ልጄ፣ ሆድህን ነው?" አሉኝ።

ሆዴን አይደለም ብዬ፣ አሁን በዚህች ሰዓት እህቴን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ቤቴ ቆመው እንደሚሆን ነገርኳቸው። እንደምታውቁት ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ቁጭ በሉ ቢባል እሺ አይልም።

"ሰው ቆሞብህማ እንቅልፍ ከየት ይመጣል?" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ያን ጊዜ ነው ፊት ለፊቴ ያለውን ስክሪን የነካሁት። ዋጋው በብር ሲመነዘር ዓይን ያስፈጥጣል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ባንኩ ለጉዞ በሞላልኝ ካርድ የአንድ ሰዓቱን ገዛሁ። መደወል ክልክል ነው ይላል፤ መጻፍ ይቻላል።

ወዲያው ስልኬ ጭኔ ላይ ነዘረ። አንዴ ብቻ መስሏችኋል? አላቆመም። የመጀመሪያው መልእክት ከሕንፃችን ነዋሪዎች ግሩፕ ነው። "ውሃ መጥቷል፤ ባልዲ ያላችሁ ፍጠኑ" ይላል። እኔ ይህን ዜና ቤቴ ተቀምጬ እንኳ በጊዜው ሰምቼው አላውቅም። ሁልጊዜ የምሰማው ውሃዋ ከሄደች በኋላ ነው። አሁን ግን ጫማዬን አውልቄ፣ ከማላውቀው ባሕር በላይ ተንሳፍፌ፣ ጀሞ ውሃ መምጣቷን ከባለ ባልዲዎቹ እኩል ሰማሁ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ሰው ምን ዓይነት ፍጡር ነው ጎበዝ? ይህን እንደ ተራ ነገር የሚያይ ካለ ልቡን ይመርመር።

ቀጥሎ የአጎቴ መልእክት ገባ። "ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ይህ ሦስተኛችን ነው፣ አራተኛ የለንም ብለዋል። ሰማይ ላይ ኢንተርኔት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይህ ከደረሰህ ቃልህን ላክ። ያላንተ ቃል አልመልስላቸውም።"

አያችሁልኝ? በስልክ ሽማግሌ አይመለስም ያለ ሰው ነው።

እኔም ወግ ያዝኩ። ያሳደግኳትን ልጅ፣ ቀበቶ አስሬ፣ በካልሲ ተቀምጬ፣ በመልእክት ልስጣት? "እስክመለስ ይታገሡን በላቸው። እህት በአየር ላይ ሆኖ አትሰጥም" ብዬ ጻፍኩ። ላክሁት። አንድ ራይት፣ ቀጥሎ ሁለት ራይት መጣ። ተነቧል ማለት ነው።

ከዚያ ዝም። ጠበቅኩ፣ ዝም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከጣት የወጣውማ ይኸው ባሕርና በረሃ አቋርጦ ቤቴ ገብቷል። ያቺ እንዳይረፍድብኝ የጓጓሁላት ፍጥነት አሁን አስፈራችኝ። በዓይነ ኅሊናዬ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ደረጃችንን ሲወርዱ ታየኝ። ሊፍት የለንም፤ ቀስ ብለው ነው የሚወርዱት። ምሕረት ደግሞ በዚያው በወጥ ቤቱ መስኮት ስታያቸው።

እማማ ብርቄ ምን አልካቸው አሉኝ። ነገርኳቸው። ቀስ ብለው ጀመሩ።

"እኔንም ሲጠይቁኝ አባቴ መለሳቸው፤ ወግ ነው ብሎ። ደግመው መጡ፣ መለሳቸው። ሠልሰው መጡ፣ መለሳቸው። ከዚያ ጎረቤታችን ቤት ገቡ።"

"ምን ሊያደርጉ?"

"ልጅቷን ሊጠይቁ ነዋ። ሰጧቸው። ድንኳኑ ከእኛ በር ፊት ለፊት ነበር የተተከለው።" አሁንም መስኮቱን ነው የሚያዩት። "ኋላ እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ተመስገን። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ በዚያ በር ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር።"

ምሕረት ትታየኛለች። ክብሬን ጠብቄ አንገቴን ልደፋ ነው? ስልኩን አነሣሁና ጻፍኩ። "ጋሽ ጴጥሮስ፣ እሺ በላቸው። ምሕረትን ሰጥቻለሁ። ናትናኤል ጥሩ ልጅ ነው፣ እኔ ነኝ ከቴሌቪዥኑ ጋር ብቻዬን እንዳልቀር የፈራሁት። እሷን ያሳደገልኝ ጌታ ቤታቸውን ይባርክ። ውለዱ ክበዱ በልልኝ። ሽማግሌዎቹንም አስቀምጥልኝ፣ እግራቸው ደክሟል።"

ላክሁት፤ አልሄደም። ኔትወርኩ ላይ ምን እንደደረሰበት እንጃ፣ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች። እኔ አራተኛ ፎቅ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ሳላስበው አንገቴን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ። እማማ ብርቄ ስልኬን ተቀብለው መስታወቱ ላይ ለጠፉልኝ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን እናያለን። የገዛኋት ሰዓት እያለቀች ነው።

የእኔ ሳይሄድ የሌላ ሰው ገባ። ምሕረት የላከችው ፎቶ ነው። ከላይ እስከ ታች ቀስ እያለ ተገለጠ። ሽማግሌዎቹ ሶፋዬ ላይ ተቀምጠዋል። ሳህን ይዘዋል። አንደኛው ጎርሶ ይስቃል። አጎቴ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይጸልያል፤ ዓይኑ ተጨፍኗል። እኔ ሁልጊዜ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ደግሞ የአጎቴ ስልክ በትራስ ተደግፋ በክብር ተቀምጣለች። እኔ መሆኔ ነው።

ተመስገን፣ ደረሰ አልኩ። መልሼ የላክሁትን አየሁት። ክቧ አሁንም ትዞራለች። እሺታዬ ገና ከአውሮፕላኑ አልወጣችም። ታዲያ ሰዎቹን ማን አስቀመጣቸው?

ያን ጊዜ የምሕረት ጽሑፍ ገባ። "ጋሼ፣ አጎቴ መነጽሩን ቤቱ ረስቶ መጥቶ ነው። እሱ እየነገረኝ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። መልስህ ሲገባም ምን ይላል ብሎ ስልኩን ወጥ ቤት ይዞልኝ መጣ። እሺ ብሏል አልኩት።"

መቼም ሽማግሌ ቆሞ ሳለ ልጅቷ ሳሎን አትታይም፤ ወጥ ቤት ነው የምትቀመጠው። አጎቴ ወጉን ጠብቆ ከወንዶቹ ፊት ደብቋት ሲያበቃ፣ መልሱን ሊያስነብብ ይዞ የሄደው እሷው ዘንድ ነው። ስለ ሰው ልጅ ጥበብ ስደነቅ ነበር የቆየሁት፣ ስለ ክንፉ፣ ስለ ሞተሩ፣ ውሃ መጥቷል ስለሚለው። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ አንዲት እጇ ሽንኩርት የሸተተ ልጅ፣ ስልክ ተቀብሎ ስልክ ለመመለስ በሚበቃ ጊዜ ውስጥ ያደረገችውን አያህልም። ተናድጄ ነበር እንዳልላችሁ አልተናደድኩም። የማን ልጅ ናት አልኩ፤ እኔ አይደለሁ ያሳደግኳት?

በዚህ መሐል ክቧ ቆመች። ሁለተኛው መልእክቴ ሄደ። አንድ ራይት፣ ሁለት ራይት። ምሕረት ቆይታ ጻፈች። "ይሄኛውን ራሴ ሳሎን ወጥቼ አነበብኩላቸው። ሁሉም ተነሥተው አሜን አሉ። እኔ መጨረሻው ላይ መድረስ አቅቶኝ የናትናኤል አጎት ጨረሱልኝ። ጋሼ፣ ቴሌቪዥን አይተህ አትቀርም፣ በየቀኑ እመጣለሁ።" ከሥሩ ሌላ አንዲት መስመር አስከተለች። "የመጀመሪያውን አጥፋው፣ የአጎቴ መነጽር ከቤት ተልኮ እየመጣ ነው።"

እማማ ብርቄ ይቺን ነው የምትነካው እያሉ በጣታቸው አሳዩኝ። "ለሁሉም ይጥፋ" የሚለውን ነካሁ። ጠፋ። ወዲያው ሰዓቴ አለቀና ስክሪኑ ተጨማሪ ይግዙ አለኝ።

ሰርጉ መካኒሳ በቤተ ክርስቲያናችን ተደረገ። አጎቴ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ምስክርነት አለኝ ብሎ ተነሣ። ወገኖቼ፣ ይህ ልጅ ከደመና በላይ ሆኖ ተጠየቀ፤ ሳያቅማማ፣ አንዴ እንኳ ሳያመነታ፣ በአንድ ቃል እሺ አለ፤ ስልኬ ላይ አለ፣ ማየት የሚፈልግ ይይ አለ። ጉባኤው ሃሌ ሉያ አለ። ምሕረት ዓይነ ርግቧን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ሰለሞን ከኋላዬ ጠጋ ብሎ፣ እውነት ግን ያ ኢንተርኔት ያዋጣል? አለኝ።

ክፈል አልኩት። እሺ ለማለት እንዳይመስልህ፣ እሱን ያለ አንተም ይሉልሃል። እምቢ ያልከውን አውሮፕላኑ ሳያርፍ ለማጥፋት ነው። ይህን ብዬ ተነሣሁና፣ ክራቫቴን አስተካክዬ፣ ለጉባኤው እጅ ነሣሁ።