በሰው ክንድ ተመስገን

ሦስት ሰው በሚሠራበት ቤት ሁሉ አንዱ የሌሎቹን መከራ ተረክቦ በእነሱ ስም ፈጣሪን ያመሰግናል። ማንም አልወከለውም፤ ግን ያመሰግናል። የእናንተ ጣሪያ ሲያፈስ እሱ ግድግዳው በመቆሙ ደስ ይለዋል። ጥርሳችሁን ሲያማችሁ የቀሩትን ይቆጥርላችኋል። ልትቆጡት አትችሉም፤ ከተቆጣችሁማ ከሱ ጋር ሳይሆን ከሰማይ ጋር የተጣላችሁ ያስመስልባችኋል።

አንዲት ካውያ ያዥ በምትሠራበት የልብስ እጥበት ቤት ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ ተመስገን ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ሠራተኞቹ ናቸው፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። ሥራቸው በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጠው በየልብሱ ላይ የሚንጠለጠለውን የባለቤቱን ምልክት መጻፍ ነው። እጅ ጽሑፋቸው ያምራል። ምላሳቸው አያርፍም።

አንድ ቀን ልብስ አድራሹ ሾፌር ጎማ ፈንድቶበት፣ ላብ በላብ ሆኖ ገባ።

"ተመስገን በል" አሉት። "አራቱም ቢፈነዱብህስ ኖሮ?"

"እትዬ፣ የኔዋ እኮ ባለ ሦስት እግር ናት።"

"እሱም ተመስገን ነው። የሚፈነዳው ቀነሰልህ።"

አጣቢዋ ወገቧን ስትይዝ፣ "የሚያመው ወገብ እንኳ ያጣ ስንት አለ።" ማራገቢያው ተበላሽቶ ሰው በሙቀት ሲቀቀል፣ "ይሄኔ ብርድ ይመታችሁ ነበር።" ሠራተኛው ይስቃል። ካውያ ያዥዋም ትስቅ ነበር፤ እስከዚያች ማክሰኞ ድረስ።

ከመተኮሻ ጠረጴዛዋ በላይ የሚያልፈው የእንፋሎት ቧንቧ መገጣጠሚያው ላልቶ ስንት ወር ሲያንጠባጥብ ከርሟል። የእጥበት ቤቱ ባለቤት ጨርቅ አስጠመጠመበት፤ ያ ነው ጥገናው። ማክሰኞ ጨርቁ ተፈናጥሮ እንፋሎቱ ቀኝ ክንዷን ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ላጠው። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እትዬ ናቸው። ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሱላት፤ ክሊኒክ ወሰዷት፤ ነርሷ ፋሻ ስትጠመጥም ግራ እጇን ይዘው አለቀሱ። ይህን መካድ ግፍ ነው። ግን እንባቸውን እንኳ ሳይጠርጉ፣

"ተመስገን በይ ልጄ፤ ፊትሽ ቢሆንስ ኖሮ?" አሏት።

"ፊቴ ለመቼ ተቀጠረ?" አለች ካውያ ያዥዋ።

ባለቤቱ ቧንቧውን እንደገና በጨርቅ አሰረው፤ አሁን ወፈር ባለ ጨርቅ። ሠራተኛው ቧንቧው ይቀየርልን የሚል ደብዳቤ ለመጻፍ ተስማማ። ነገር ግን አሥራ አምስት ዓመት የቆዩት እትዬ ካልፈረሙበት ባለቤቱ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እሺ አሉ፤ በአንድ ነገር ብቻ። ደብዳቤው በምስጋና ይጀምር፣ የሚጽፉትም እሳቸው ይሁኑ።

ጻፉ። ስለ ጣሪያው አመሰገኑ፤ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ባለቤቱ ጤና፣ ቧንቧው እስካሁን ነፍስ ስላለማጥፋቱ ሳይቀር አመሰገኑ። ገጹ አለቀ። ለጥያቄው ከጀርባ ሁለት መስመር ደረሰው። ባለቤቱ የፊቱን አነበበ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ወረቀቱን ባለመስታወት ፍሬም አስገብቶ ደንበኛ በሚቀበልበት ክፍል ሰቀለው። የሠራተኛው ጥያቄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቀረ።

በራስ ቁስል ማመስገን ሃይማኖት ነው። በሰው ቁስል ማመስገን ግን ያው የቧንቧው ጨርቅ ነው፤ ይሸፍናል እንጂ አያድንም።

ካውያ ያዥዋ መጥታ ጠረጴዛቸው ፊት ቆመች።

"እትዬ፣ ሰቀሉኝ እኮ።"

"ቀስ ብሎ ያነበዋል፣ ልጄ። ማጉረምረም ደግሞ…"

"ኃጢአት ነው፤ ሰምቻለሁ። ያን ተፈውሶ ሊያመሰግን የተመለሰውን ለምጻም ሁልጊዜ ያነሡብናል። ከመመለሱ በፊትስ ምን አደረገ? ከሩቅ ቆሞ ማረን ብሎ ጮኸ። አፍንጫዬ ተርፎልኛል፣ ተመስገን ብሎ ቤቱ አልገባም። በኔ ክንድ ማመስገን ካለብኝ እኔው አመሰግናለሁ። እርስዎ ይተዉልኝ።"

እትዬ ፋሻውን ትክ ብለው አዩት፤ ብዕራቸውን ከደኑ።

በማግሥቱ ጠዋት ክፍሉ በደንበኛ ተጨናንቆ፣ ባለቤቱ ፈገግታውን ለመጣው ሁሉ ሲያድል፣ እትዬ ከወንበራቸው ተነሡ። መጠየቅ አያውቁበትም፤ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣

"ጌታ ሆይ፣ የዚህችን ልጅ ክንድ የላጠውን ቧንቧ በጨርቅ ማሰር ይብቃኝ ብሎ ዛሬውኑ ለሚያስቀይረው ለአለቃችን ዕድሜና ጤና ስጥልን" አሉ።

"አሜን" አለ ደንበኛው በአንድ አፍ። ኮቷን ልትወስድ የመጣች አንዲት አሮጊት ወደ ባለቤቱ ዞር ብላ፣ "በጨርቅ ነው ያሰርከው፣ ልጄ?" አለችው።

አሜን ከማለት ሌላ መውጫ አልነበረውም።

ቧንቧው በዚያው ቀን ተቀየረ። በሳምንቱ ደግሞ እትዬ "ለለውጥ ያህል" ተብለው፣ በስልሳ ዓመታቸው፣ ከጠረጴዛቸው ተነሥተው ወደ ማለቅለቂያው ገንዳ ተዛወሩ።

ካውያ ያዥዋ ሰምታ ስትሮጥ ሄደች። እትዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እስከ ክርናቸው ውኃ ውስጥ ገብተው አንሶላ ያለቀልቃሉ። አሁን ደግሞ ገንዳው ባለመሰንጠቁ ሊያመሰግኑ ነው ብላ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

"ይሄ ውኃ አጥንት ሰርስሮ ይገባል" አሉ እትዬ።

ካውያ ያዥዋ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ወጣች፤ በጤነኛ እጇ አንድ ባልዲ ፍል ውኃ እያንገዳገዳት ይዛ ተመለሰችና፣ "እጅዎን ያውጡ" ብላ ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው። እትዬ ከንፈራቸውን ሲያላቅቁ ቀደመቻቸው።

"አሁን ዝም ብለው ይሙቁ።"